«ስፋቱ 12 ሜትር ነው፤ ስፋቱን ፈልጉ»

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀን አካባቢ የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። የጎነ አራት ምስሎችን ስፋት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «የአንድ ማሳ ርዝመት 20 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሜትር ነው፤ የማሳውን ስፋት ፈልጉ» ብዬ ጻፍሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ስፋቱማ ተሰጥቷል፤ 12 ሜትር ነው» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልስላት አጣሁ። ስሕተቱ የማን ነው? ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ስም የለንምን?

መልስ፦ ተማሪዋ አልተሳሳተችም። የተጻፈውን እንደተጻፈ አንብባ የተጠየቀችውን መልሳለች። ችግሩ ያለው «ስፋት» የሚለው ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ በየጊዜው ሌላ ሌላ ነገር እንዲያመለክት በመደረጉ ነው።

ቃሉ «ሰፋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሁለቱንም ትርጉሞች ይሸከማል። «መንገዱ ሰፊ ነው» ስንል የምናስበው ከዳር እስከ ዳር ያለውን ልክ ብቻ ነው፤ መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም በነገሩ ውስጥ የለም። «ሰፊ መሬት አለው» ስንል ግን መሬቱ በሁሉም አቅጣጫ የያዘውን ቦታ በሙሉ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው በሜትር፣ ሁለተኛው በካሬ ሜትር ይለካል። በወሬ ላይ ማን ስለ ምን እንደሚናገር ስለሚታወቅ የሚደናገር ሰው የለም፤ በሒሳብ ሰሌዳ ላይ ግን ከቃሉ በቀር ለልጁ የሚረዳው ነገር ስለማይኖር አንዱ ቃል አንድ ነገር ብቻ እንዲል ግድ ነው።

ሁለት ስም የለንም ወይ ላሉት፣ አለን። ከርዝመት ጋር የሚጣመደው ልክ ስሙ «ወርድ» ነው። ሸማኔው የጋቢውን ወርድና ርዝመት ለይቶ ይጠራል፤ ቤት የሚሠራም ሰው «ወርዱ ስንት ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ «ስፋት» የሚለውን ቃል ምስሉ ለሚይዘው ቦታ ብቻ ይተዉትና ሰሌዳው ላይ «የማሳው ርዝመት 20 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ነው፤ ስፋቱን ፈልጉ» ብለው ይጻፉ። ያን ጊዜ ያቺው ተማሪ «240 ካሬ ሜትር» ትልዎታለች።

ልጆቹ ስፋት ከርዝመትም ከወርድም የተለየ ነገር መሆኑን እንዲያዩ ከፈለጉ ደግሞ በጎጃም ገበሬ አፍ ውስጥ ካለው «ጥማድ» የተሻለ መነሻ አላውቅም። ጥማድ «ጠመደ» ከሚለው ግሥ የመጣ፣ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን መሬት የሚያመለክት ስም ነው። በሜትር ገመድ ሳይሆን በቀን ሥራ የተለካ ስፋት ነው ማለት ነው። አራቱ ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር (10,000 ካሬ ሜትር) ስለሚሆን፣ አንዱን ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር አድርገን ብንወስድ፣ 50 በ50 የሆነውም ማሳ፣ 100 በ25 የሆነውም ማሳ እኩል አንድ አንድ ጥማድ ናቸው። መጠነ ዙሪያቸው ግን የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 250 ሜትር ነው፤ ሁለተኛውን የሚያጥር ገበሬ የ50 ሜትር ተጨማሪ አጥር ይጠብቀዋል። በቤቱ ስለ ጥማድ ሲወራ የሰማ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ጥያቄዎ ስለ አንድ ቃል ቢሆንም፣ በዚሁ ትምህርት ውስጥ ተማሪን የሚያደናግሩ ሌሎች ቃላትም ስላሉ ልጨምር። «ካሬ» የቅርጽ ስምም፣ በአነጋገር «ካሬ ሜትር» የሚለው ማሳጠሪያም ሆኗል። «200 ካሬ ቦታ» ሲባል የሰማ ልጅ ቦታው አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ይመስለዋል። «የ10 ሜትር ካሬ» እና «10 ካሬ ሜትር» ደግሞ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ ስለሆነ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ነው። በክፍል ውስጥ «ሜትር» የሚለውን ቃል ባይቆርጡት ይሻላል።

«ጎነ አራት» የሚለው ስያሜ በበኩሉ በጣም ጥሩ ነው። አሠራሩ እንደ «ልበ ሙሉ» እና እንደ «እጀ ጠባብ» ስለሆነ «ጎኑ አራት የሆነ» ማለት ነው፤ ካሬውንም፣ ሬክታንግሉንም፣ ፓራሌሎግራሙንም (ተቃራኒ ጎኖቹ ሁሉ ርቀታቸው ሳይለወጥ ጎን ለጎን የሚሄዱትን)፣ ትራፒዚየሙንም (ሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ እንዲህ የሆኑትን) ያቅፋል። ብዙ ሰው «አራት ማዕዘን» ሲል የሚያስበው ሬክታንግልን ብቻ ስለሆነ እሱን ለወል ስምነት አልመርጠውም።

ከሁሉ የሚከብደው የፓራሌሎግራም «ከፍታ» ነው። ተማሪዎች መሠረቱን ዘንበል ባለው ጎን የሚያባዙት ስንፍና ስላለባቸው አይደለም፤ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር እሱ ሆኖ ስለሚታያቸው ነው። እዚህ ላይ የጮቄን ተራራ ይጥሩላቸው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል ስንል፣ ወጪው ሰው የረገጠውን ዳገት ርዝመት አንናገርም፤ ቀጥ ብሎ ከታች እስከ ላይ ያለውን ልክ እንጂ። ዘንበል ያለው ጎን ዳገቱ ነው፤ ከፍታው ሌላ ነው። መሠረቱ 30፣ ዘንባላው ጎን 25፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓራሌሎግራም ከካርቶን ቆርጠው በአንዱ ጫፍ ያለውን ጎነ ሦስት በከፍታው መስመር በመቀስ ያንሱና ወደ ሌላው ጫፍ ያዛውሩት። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 30 የሆነ ሬክታንግል ይወጣል፤ ስፋቱም 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንጂ 750 አይደለም። 25ቱ ከስሌቱ ሲወጣ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

«ትይዩ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ያለው ሱቅ» ስንል ፊት ለፊት ማለታችን ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን የትራፒዚየም ዘንበል ያሉት ጎኖችም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ «ትይዩ» ሊባሉ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉትን «ተቃራኒ ጎኖች» ይበሏቸው፤ «ትይዩ» የሚለውን ግን ምንም ያህል ቢረዝሙ ለማይገናኙ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ለማይለወጥ መስመሮች ብቻ ይጠብቁት። ቀጥ አድርጎ የሚያርስ ገበሬ ጎን ለጎን ያወጣቸው ሁለት ትልሞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

እነዚህ ቃላት ከተለዩ በኋላ፣ ትይዩ ጎኖቹ 40 እና 60 ሜትር፣ ከፍታው 50 ሜትር የሆነ የትራፒዚየም ማሳ ስጧቸው። የትይዩ ጎኖቹ ድምር ግማሽ 50 ነው፤ በከፍታው ሲባዛ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ይሆናል። ያቺን ተማሪ ሰሌዳው ላይ አውጥተው ያሠሯት፤ ከዚያ በፊት ግን ያን ቀን ያለችው ትክክል እንደነበረ በሳቁባት ልጆች ፊት ይንገሩልኝ።