ላላረካ ሥራ ቀሪው ክፍያ ይከፈላል?

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ቤቴን ፕላን እንዲሠራልኝ ከአንድ አርክቴክት ጋር ተዋውዬ የክፍያውን ግማሽ በቅድሚያ ሰጠሁት። ፕላኑ ከቀጠሮው ዘግይቶ ሲደርሰኝ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ከእጅ መታጠቢያው ጋር እንደሚጋጭ አየሁ፤ ሰፋ እንዲል ደጋግሜ የነገርኩት ማድ ቤትም ጠብቦ ቀርቷል። እሱ ግን ቀሪውን ግማሽ እየጠየቀኝ ነው። ከዚህ ቀደምም ክርክር ተረትቼ ለጠበቃዬ ሙሉውን ከፍያለሁና፣ አሁንም ላልረካሁበት ሥራ መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። የጥንቱ የሮማ ሕግ እንኳ ጉልበትን ማከራየትንና አንድን ሥራ ፈጽሞ ለማስረከብ መዋዋልን ለያይቶ ያይ ነበር። ጠበቃ እንደ ሐኪም ሁሉ ሙያው የሚጠይቀውን ትጋት ለማድረግ ይዋዋላል እንጂ ለመርታት ቃል አይገባም፤ ስለዚህ ቀጠሮ አሳልፎ ወይም በእጁ ያለውን ማስረጃ ሳያቀርብ ቀርቶ ካልሆነ በቀር፣ መረታትዎ ብቻውን ክፍያውን አያስቀርም።

አርክቴክቱ ግን በወረቀት ላይ የሚለካ ነገር አስረክቧል። የማይከፈት በር የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን ማንም ባለሙያ የሚያምነው ጉድለት ነው። የማድ ቤቱ ነገር የሚወሰነው ግን ስፋቱ በውሉ ወይም በተላላካችሁት መልእክት ላይ በመስፈሩ ወይም ባለመስፈሩ ነው፤ በቃል ብቻ ከነበረ ለማስረዳት ይቸገራሉ። መዘግየቱም በውሉ መቀጫ ካልተቀመጠለት ወይም ጉዳት ካላደረሰብዎ ብዙ አያራምድዎትም።

ቢሆንም ቀሪውን ገንዘብ ከነአካቴው መከልከልን አልመክርዎትም፤ የአንድ በር ስህተት የሙሉ ፕላን ዋጋ አያህልምና፣ ውል አፍራሹ እርስዎ ተብለው ሊከሰሱ ይችላሉ። ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ከነገጻቸው በጽሑፍ ይግለጹለትና የሚያርምበት በቂ ቀን ይስጡት (በስልክ መጯጯህ ማስረጃ አይሆንም)። ካረመ ይክፈሉት። እምቢ ካለ፣ ሌላ ባለሙያ የማረሚያውን ዋጋ በጽሑፍ ያስላልዎት፤ ያንን ቀንሰው ምክንያቱን ገልጸው የተረፈውን ይክፈሉት። እስከዚያው «በሙሉ ተረክቤያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ በዚሁ ፕላን ግንባታ ከጀመሩም ሥራውን እንደተቀበሉት ሊቆጠርብዎ ስለሚችል፣ ግንበኛውን ለመጥራት አይቸኩሉ።