«ሁሉም ይሠራል፤ ታዲያ ለምን ጣሉኝ?»

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ በአይቲ ድጋፍ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ለሲስተም አድሚኒስትሬተርነት ስታመለክት «ቤትሽ ሆነሽ ሥሪው» ተብላ ፈተና ተሰጣት፦ ተጨማሪ ሞጁል (ተቀጥላ ክፍል) ያለውን ኤንጂንኤክስ የተባለ የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ ያለባቸው ሦስት ሰርቨሮች ላይ፣ ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ በሚያዘው መሣሪያ በአንሲብል እንድትጭን። ጫነች፣ ሠራ፣ ግን አላለፈችም። «ጋሼ፣ ሦስቱም ሰርቨር ላይ ይሠራል። ምን ጎደለኝ? እንደ አንሲብል ያለውን ፐፔትን ልጨምር? ወይስ ሰርተፊኬት ልውሰድ?» ትላለች።

እህቴ፣ የላክሽልኝን ፕሌይቡክ (አንሲብል የሚፈጽመውን የትእዛዝ ፋይል) ቡና ይዤ ሁለቴ አነበብኩት። አጻጻፍሽ ንጹሕ ነው፤ ከአንዳንድ ደመወዝተኞች የተሻለ ነው። ችግሩ ያለው መሃል ላይ ነው። ሶርስ ኮዱን (ጥሬውን የፕሮግራም ጽሑፍ) ሦስቱም ሰርቨር ላይ አውርደሽ፣ እዚያው በሼል ትእዛዝ ኮምፓይል አድርገሽ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይረሽ)፣ በመጫኛው ትእዛዝ በ«ሜክ ኢንስቶል» ጨርሰሻል። ስሙ አንሲብል ይሁን እንጂ በእጅ ከመጫን ብዙም አይለይም። ለሦስት ቤት እንጀራ ለማድረስ ምጣድ ተሸክሞ እየዞሩ መጋገር በይው።

ፈታኙ ምን እንዳደረገ መገመት አያቅተኝም። ፕሌይቡኩን ሁለተኛ ጊዜ አስነሳው። ምንም ያልተነካ ሰርቨር ላይ ሁለተኛ ሲሮጥ መጨረሻው መስመር ላይ «ቼንጅድ» (የተቀየረ) የሚለው ቁጥር ዜሮ መሆን ነበረበት። ያንቺ ግን እንደገና አውርዶ፣ እንደገና ኮምፓይል አድርጎ፣ ኤንጂንኤክስን ከነደንበኞቹ አጥፍቶ አስነሳው። የሼል ትእዛዝ ለአንሲብል ጥቁር ሣጥን ነው፤ ውስጡ ምን እንደተሠራ አያውቅም። አንዳንዱ ሰው «ክሪኤትስ» የሚለውን ምርጫ ይጨምርና ዳንኩ ይላል። አልዳነም። ምርጫው የሚያየው ፋይሉ መኖሩን ብቻ ነው። ነገ ወደ አዲስ ቨርዥን ልታሳድጊ ስትይ «ፋይሉ አለ» ብሎ ዘሎት ያልፋል።

እኔም በዚሁ ተመትቻለሁ። ስሙ ይቅርና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ 11 ሰርቨሮች ነበሩን። እዚያው የተጻፈ ፕሮግራም ነበር፤ እያንዳንዱ ላይ እየገባሁ ኮምፓይል አደርገው ነበር። አሥሩ ሰላም። አሥራ አንደኛው ላይ የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል (ግንኙነት የሚያመሰጥረው ላይብረሪ) ግን የቆየ ነበር። ሲገነባ ዝም ብሎ አለፈ፤ ሥራ ላይ ሲውል ግንኙነት ይቆርጥ ጀመር። ከ11 ጥያቄ አንዱ ብቻ ስለሚደርሰው የደንበኛው ስሞታ ሁሌ «አንዳንዴ ይቋረጣል» ነው። ቅዳሜ ማታ መፈለግ ጀምሬ ያገኘሁት እሑድ ሰዎች ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት መገንባቱ ራሱ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ኤንጂንኤክስ ከ1.9.11 ጀምሮ ሞጁልን ለብቻው የሚጭንበት መንገድ አለው፤ ኡቡንቱም አንዳንዶቹን በፓኬጅ አዘጋጅቶ ያቀርባል። የግድ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ጋግሪና አከፋፍይ። ከሰርቨሮቹ ጋር አንድ ዓይነት ኡቡንቱ ያለበት አንድ ማሽን ላይ አንዴ ኮምፓይል አድርጊ። ውጤቱን የዴብ ፓኬጅ (ኡቡንቱ የሚጭነው የታሸገ ፋይል) አድርጊው፤ ለጀማሪ ኤፍፒኤም የሚባለው መሣሪያ ይቀላል። ከዚያ በአፕትሊ ወይም በሬፕሬፕሮ መሣሪያ የራስሽን ትንሽ ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ክፈቺ። ፕሌይቡክሽ ያጥራል፦ ሪፖዚተሪውን ጨምር፣ ይህን ቨርዥን ጫን፣ ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) አስቀምጥ፣ ፓኬጁ ወይም ኮንፊጉ ከተቀየረ ብቻ አስነሳ። ኮምፓይለር ሰርቨር ላይ አይቀርም። ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ቢቆረጥም ሦስቱ ሰርቨሮች ፓኬጁን የሚያገኙት ከራስሽ ማሽን ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ብታነሺው ፈታኙ ከወንበሩ ቀና ይላል። ኡቡንቱ የራሱ ኤንጂንኤክስ አለው። ያንቺ ፓኬጅ ስሙ ያው ሆኖ የቨርዥን ቁጥሩ ካነሰ፣ አንድ ቀን ሰው ፓኬጆችን ለማሳደግ «አፕት አፕግሬድ» ሲል የኡቡንቱው ያንቺን ይተካና ሞጁሉ ድራሹ ይጠፋል። ወይ ስሙን ለይው፣ ወይ በአፕት ፒኒንግ ያንቺ እንዲቀድም አድርጊ። ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያውን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ቀዳዳ ተገኘ ሲባል ኡቡንቱ ለራሱ ይደፍናል፤ ያንቺን አያውቀውም።

ፐፔትን አሁን ተዪው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም በ2005 ሲወጣ አንሲብል ገና አልተወለደም፤ አንሲብል የመጣው በ2012 ነው። ፐፔት ሰርቨሩ ላይ በሚቀመጥ ኤጀንት (ትንሽ ፕሮግራም) በየ30 ደቂቃው እየፈተሸ የተበላሸውን ይመልሳል፣ አንሲብል በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ገብቶ ሠርቶ ይወጣል። አንዱ ላይ ያቃተሽ ነገር ሌላው ላይም ያቅትሻል። ሰርተፊኬት ካማረሽ የሊኑክስ አምራቹ የሬድ ሃት ሰርተፊኬት አርኤችሲኢ ከሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ጀምሮ አንሲብል ላይ ያተኮረ ነው፤ ፈተናውም ማሽን ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ክፍያው ግን ቀላል አይደለም። ደመወዝሽ እስኪያድግ፣ ወይም ቀጣሪ እስኪከፍልልሽ ጠብቂ።

ይልቅ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ካለሽ ሦስት ትንንሽ ቨርቹዋል ማሽን ከፍተሽ ያንኑ ፈተና እንደገና ሥሪው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃሻል። ሲቪሽ ላይ «አንሲብል አውቃለሁ» የሚለውን አጥፊና «በራሴ የገነባሁትን ኤንጂንኤክስ ፓኬጅ አድርጌ፣ በራሴ ሪፖዚተሪ፣ በአንሲብል ሦስት ሰርቨር ላይ ጭኛለሁ» በይ። ከሥሩ ኮዱ ያለበትን የጊት አድራሻ አስቀምጪ። ለጣለሽ ድርጅትም አጠር ያለ ኢሜይል ጻፊ፤ «አስተካክዬዋለሁ፣ ቢያዩልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ልረሳው ነበር። ፕሌይቡክሽ 14ኛ መስመር ላይ የሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) ፓስወርዱ በግልጽ ተጽፏል። ምስጢር በሚቆልፈው አንሲብል ቮልት ውስጥ አስገቢው። ጊት ላይ ከወጣ ደግሞ መስመሩን ማጥፋት አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ ይቀራልና ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይሪው።