መልስ፦ ትሯ ሞን እንዴት ይጠጣል?

ሰላም ወንድሜ፣ «ትሯ ሞን የሚባለውን የፈረንሳይ ቢራ ከፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው ጠጣሁት፤ ከአልኮሉ በቀር ምንም አልተሰማኝም፤ ምኑ ነው የሚወደደው?» ብለሃል። ቢራው ጥፋት የለበትም። በጣም ቀዝቅዞብህ ነው።

ይሄ ቢራ የሚጠመቀው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከቤልጂየም ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ሴን ሲልቬስትር ካፔል በምትባል መንደር ነው። ዓይነቱ «ቢየር ደ ጋርድ» ይባላል፤ ተቀምጦ የሚቆይ ቢራ እንደማለት ነው። ድሮ የአካባቢው ገበሬዎች በብርዱ ወራት ይጠምቁትና በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለሙቀቱ ጊዜ ያቆዩት ነበር።

አልኮሉ 8.5 በመቶ ነው። ስለዚህ እንደ ድራፍት አትጨልጠው። ከፍሪጅ አውጣና ሩብ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ተወው። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ሽታው ይከፈታል። ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ፈልግና እስከ ግማሽ ብቻ ቅዳ። መጀመሪያ አሽትተው። እኔ ሁሌም የማገኘው አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ማር አለ፣ ትንሽ ደግሞ የደረቀ ሳር።

ከዚያ ጎንጨት በልና አፍህ ውስጥ ትንሽ አቆየው። ብቅሉ ጣፋጭ ሆኖ ይገባል፣ ስትውጠው ግን ደረቅ ብሎ ያልቃል። እኔ በጣም የምወደው ይቺን ለውጥ ነው። ምሬቱ ለስላሳ ስለሆነ እሱን አትጠብቅ።

የዚያው የሰሜኑ አገር አይብ፣ ማሯል፣ ካገኘህ አብረህ ብላው። ሽታው ከባድ ነው፣ ከዚህ ቢራ ጋር ግን ልክክ ይላል።