ለገሃርን በእንጨት ወይስ በፕሪንተር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የልጅ ልጄ ኤች ኦ በሚባለው ልክ የተሠራ ሞዴል ባቡር አለው። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ሴል ላይ አንድ አሮጌ የጣቢያ ቤት ኪት (ራስ የሚገጣጥሙት ሞዴል) በ10 ዶላር ገዛሁለት። ሳጥኑን ብንከፍተው ቀጫጭን የእንጨት ዘንግ፣ ጡብ የታተመበት ወረቀትና አንድ ንድፍ ብቻ! «አያቴ፣ ቤቱ የታለ?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ሁሉንም በስሪዲ ፕሪንተር እናትም ባይ ነው። የሁለታችንም ምኞት ለገሃርን መሥራት ነው። በምን እንጀምር?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተሸወዱም። ድሮ ኪት ማለት ይኸው ነበር። ዘንጉን ለክቶ፣ በምላጭ ቆርጦ ቤቱን የሚያቆመው ገዢው ራሱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እንደ ማርክሊን ያሉ የጀርመን ፋብሪካዎች ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ጣቢያ ይሸጡ ነበር፤ ያምራል፣ ግን መጫወቻነቱ ከሩቅ ያስታውቃል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕላስቲክ መጣና ነገሩ ቀለለ። የብረት ቅርጹ አንዴ ከተሠራ የጡቡ መስመርና የመስኮቱ ፍሬም ሺህ ጊዜ ይጨመቅበታል፣ እርስዎ ማታ ቁጭ ብለው ማጣበቅ ብቻ ነው። በ1946 የተቋቋመው የጀርመኑ ፋለር በዚህ ነው ስሙ የታወቀው። ችግሩ የሁሉም ሰው ከተማ አንድ ዓይነት ሆነ። ፕላስቲክ ደግሞ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ መብራት ሲገባ ግድግዳው ራሱ እንደ ፋኖስ ይበራል። ውስጡን ጥቁር መቀባት ነው መላው።

በኋላ በብርሃን ጨረር የሚቆርጠው የሌዘር ማሽን እንጨትን መለሰው። አሁን መስኮቱ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ጠርዙ ግን ተቃጥሎ ቡናማ ስለሚሆን በአሸዋ ወረቀት ዳበስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወደ ለገሃር ስንመጣ እኔ ግድግዳውን በእጅ፣ መስኮቱን በፕሪንተር እላለሁ። ለምን? ኤች ኦ ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ሁለት ሜትር በር 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እሺ። አራት ሳንቲ ሜትር የመስኮት እንጨት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም! ያንን በምላጭ ለሃያ መስኮት መቁረጥ ዓይንም ትዕግሥትም ይጨርሳል። ግድግዳው ሜዳ ነው፣ ለእሱ ፕሪንተር ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ ምን ያደርጋል? ልኩን ከድሮ ፎቶ ያውጡ፤ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ካለ እሱ ሜትርዎ ነው።

አንድ ምክር ከራሴ ጥፋት። የመጀመሪያውን የእንጨት ግድግዳዬን በውሃ ቀለም አንድ ጎኑን ብቻ ቀብቼው አደርኩ። ጠዋት እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ከጀርባው ድጋፍ ዘንግ ያጣብቁ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጎን ይቅቡ።

ደግሞ የልጁ ሀዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የፍራንኮ ኢትዮጵያ (የአዲስ አበባ–ጅቡቲ) ባቡር ሀዲድ ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለነበር በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው። እሱም ይሸጣል። ካልሆነም ግድ የለም፣ የሚቆጣን የለም።

የ10 ዶላሩን ሳጥን መጀመሪያ ሥሩት፣ እጃችሁ ይፍታታ። ፕሪንተሩ የሬዚን (በብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) ከሆነ ልጁ ጓንት ያድርግ፣ መስኮትም ይከፈት፤ ያልደረቀ ሬዚን በባዶ እጅ አይነካም።