«ሙሉ ልብስ» በተባለ ሰርግ ላይ ኪልት

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እህቴ በጥር ስኮትላንዳዊ ልታገባ ነው። ካርዱ ላይ «ወንዶች በሙሉ ልብስ» ተብሎ ተጽፏል። ሙሽራው ግን የአገሩን ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ጉልበት የሚደርስ ሽንሽን ልብስ) ነው የሚለብሰው፤ ለአራታችን ሚዜዎችም ይዞ ይመጣል። አጎቴ «ጉርድ ቀሚስ ለብሳችሁ አዳራሽ አትገቡም» ብለዋል። ኪልት እንደ ሙሉ ልብስ ይቆጠራል? ጠዋት ላይ ደግሞ ኒካሕ አለ፤ እዚያስ እንዴት እንሁን?

መልስ፦ ይቆጠራል። በብሪታንያ «ብላክ ታይ» የተባለ የማታ ግብዣ ላይ እንኳ ኪልት ከሱፍ ልብስ እኩል ነው። ደረጃውን የሚወስነው አብሮት የሚለበሰው ነው። ያው ኪልት በማሊያና በቦት ጫማ ኳስ ይታይበታል፤ አርጋይል በሚባለው የኪልት ኮት፣ በሰደርያና በረጅም ከረባት ሲለበስ የቀን ሰርግ ልብስ ይሆናል፤ ፕሪንስ ቻርሊ በሚባለው አጭር ኮት፣ ባለሦስት ቁልፍ ሰደርያና ጥቁር ፓፒዮን ሲለበስ ደግሞ የማታ። የእናንተ ካርድ «ሙሉ ልብስ» ብቻ ስለሚል አርጋይል ይበቃል። ሙሽራው ፕሪንስ ቻርሊ ለብሶ ሚዜዎቹ አርጋይል ቢሆኑም አያስነውርም፤ እንዲያውም ሙሽራው ተለይቶ ይታወቃል።

የኮቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ተራ የሱፍ ኮት በኪልት ላይ ሲደረብ ይረዝማል፤ የኋላውን ሽንሽን ይጫነዋል፣ ፊት ለፊት የሚንጠለጠለውን ስፖራን የሚባል ቦርሳም ይሸፍነዋል። የኪልት ኮት ካልተገኘ አሮጌ የሱፍ ኮት በልብስ ሰፊ ማሳጠር ይቻላል፤ የፊቱ ጠርዝ ክብ ሆኖ ወደ ጎን ይከፈታል። መቀሱ ከመነሳቱ በፊት ግን ኪሱ የት ድረስ እንደሚወርድ ከውስጥ ይታይ። የኪሱ ከረጢት ዝቅ ያለ ከሆነ ኮቱ የሚፈለገውን ያህል አያጥርም፤ በግድ ከቆረጡት ኪሱ አብሮ ይቀደዳል።

አጎትዎን በተመለከተ፣ ኪልት የሴት ቀሚስ ሆኖ አያውቅም። የብሪታንያ መንግሥት በ1746 ባወጣው ሕግ የደጋውን ስኮቶች የወንድ ልብስ ከልክሎ እስከ 1782 ድረስ አልፈቀደም (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ የተከለከለውም የዓመፅና የጦረኝነት ምልክት ተደርጎ ስለታየ ነው። ይህን ከቡናው ላይ ቢያነሱላቸው ሳይለዝቡ አይቀሩም። የአዳራሹን ኃላፊ ደግሞ ከሳምንት በፊት ያነጋግሩ፤ ሙሽራው ሙሉውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ይላኩላቸው። በር ላይ ላለው ጥበቃ የሚነግሩት እሳቸው ይሁኑ።

ለኒካሑ ኪልት አንመክርም። ወንድ ከእምብርት እስከ ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ኪልት ደግሞ ቆመው የጉልበት ሎሚ ላይ ቢደርስም ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ ወደ ላይ ይሸሻል። ስኮቶች ለዚህ መፍትሔ አላቸው፦ ትሩዝ የሚባል፣ ታርታን ከሚባለው የኪልት ባለመስመር ጨርቅ የተሰፋ ሱሪ። ከኪልቱ እኩል የተከበረ ነው። ጠዋት ትሩዝ፣ ከሰዓት ኪልት። ትሩዙ ካልተገኘ ለጠዋቱ የራስዎ ሱሪ ይበቃል።

ጥያቄ (ከዚያው ከደሴ)፦ ኪልቱን እንዴት ነው የምንለብሰው? ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ከካልሲና ከጫማ ይጀምሩ፤ ኪልቱን ከታጠቁ በኋላ ማጎንበስ ያስቸግራል። ካልሲው ታጥፎ ከጉልበት ሎሚ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ከእጥፋቱ በታች ባለቀለም ጥብጣብ ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታያል። ጫማው ምላስ የለውም፤ ረጅሙ ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠማል። ባት ድረስ የወጣ ክር የዳንሰኛ ያስመስላል። እንግዳ ቤት ገብተው ጫማ የሚያወልቁ ከሆነ ይህን ክር ፈቶ ማሰር ደቂቃዎች እንደሚፈጅ አይርሱ።

ኪልት እንደ ሽርጥ በየጊዜው የሚጠቀለል ጨርቅ አይደለም፤ 8 ያርድ ያህል (7.3 ሜትር ገደማ) የሱፍ ጨርቅ ከኋላ ተሸንሽኖ የተሰፋ ነው። ሽንሽኑ ከኋላ፣ ለጥ ያለው ከፊት። የውስጡን ክንፍ ከቀኝ ወደ ግራ ያምጡ፣ ማሰሪያውን በቀዳዳው አሳልፈው ግራ ዳሌ ላይ ይቆልፉ። የላዩን ክንፍ ከግራ ወደ ቀኝ ደርበው በቀኝ ይቆልፉ። ዳሌ ላይ ያለው የታችኛው ማሰሪያ ላላ ይበል፤ ከተወጠረ የኋላው ሽንሽን ይበረገዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታው ላይ ነው። እንደ ጂንስ ዳሌ ላይ ካሰሩት ጠርዙ ከጉልበት በታች ይወርድና ያው አጎትዎ ያሉት ቀሚስ ይሆናል። ወገቡ እምብርት አካባቢ ይቀመጥ። ለማረጋገጥ ይንበርከኩ፤ ጠርዙ ከወለሉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ለሙሽራው ልኬት ሲልኩለትም ወገብን በእምብርት፣ ዳሌን በሰፊው ቦታ ይለኩ፤ የሱሪ ቁጥር ብቻ ከላኩ አይሆንም።

በቀኝ በኩል የሚሰካው መርፌ ቁልፍ የላዩን ክንፍ ብቻ ይያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ ከወጉት ሲራመዱ ይወጠርና ጨርቁን ይቀደዋል። ስፖራኑ ከሰደርያው ጫፍ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ እስክስታ ሲጀመር ሰንሰለቱን ወደ ጎን ዞር ያድርጉት፣ አለበለዚያ በእያንዳንዱ ዝላይ የማይመች ቦታ ይመታዎታል። ሰደርያ ካለ ቀበቶ አይታጠቅም። ሲቀመጡ የኋላውን ሽንሽን በእጅ ጠረግ አድርገው፣ ጉልበት ገጥመው። ከውስጥ ስለሚለበሰው የሚወራው ብዙ ነው፤ በርጩማ ላይ ለሚቀመጥ ሚዜ ጥቁር ቁምጣ እንመክራለን፣ ጨርሰናል።

ካልሲ ውስጥ የምትሸጎጠው ትንሽ ቢላ በብሪታንያ ሕግ የአገር ልብስ አካል በመሆኗ ትታለፋለች። የአዳራሹ ፈታሽ ግን ይህን አያውቅም። ሙሽራው እጀታ ብቻ ያላትን ይያዝ፤ ስለት ካላት ደግሞ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ አትገባም።

ጨርቁን ከመረጡ፣ የጥር ማታ በደሴ ይቀዘቅዛልና 16 አውንስ የሚባለው ወፍራም ጨርቅ ይሻላል (ቁጥሩ የጨርቁ ክብደት ደረጃ እንጂ የኪልቱ ክብደት አይደለም)። ኪልቱ ተሰፍቶ ወደ ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ ነፋስም አያነሳውም። ኮምቦልቻ ቢሆን 13 አውንስ ይበቃ ነበር። ሻንጣ ውስጥ አያጥፉት፤ በቁመቱ ጠቅልለው በሴት ረጅም ስቶኪንግ እግር ውስጥ ያስገቡት። ከተጨማደደ በላዩ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ካውያውን ጫን እያደረጉ ያንሱ። ከገፉት ሽንሽኑ ከመስመሩ ይወጣል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ኪልት ከተፈቀደ እኔ ሽርጤን በኮት ለብሼ እንደዚህ ዓይነት ግብዣ ብሄድስ?

መልስ፦ ካርዱ «የአገር ልብስ ወይም ሙሉ ልብስ» የሚል ከሆነ ማንንም ሳይጠይቁ ይሂዱ። «ሙሉ ልብስ» ብቻ ካለ ግን ለጋባዡ አስቀድመው ይንገሩ። ኪልት በር ላይ የሚያልፈው ኮቱም ጫማውም ካልሲውም የታወቀ ስለሆነ ነው፤ ሽርጥ ለአዳራሽ እንዲህ የተወሰነ አጃቢ ስለሌለው ለባሹ ራሱ ማሟላት አለበት። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ አንድ ቀለም ወይም ቀጭን መስመር ያለው ይምረጡ። ተተኩሶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይድረስ። ቋጠሮው ከኮት በታች ጎልቶ ይታያል፣ በጭፈራም ይፈታል፤ ስለዚህ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው በላዩ ቀጭን ቀበቶ ይታጠቁ። ነጭ ሸሚዝ፣ ኮት፣ የተወለወለ ቆዳ ጫማ። ሰንደል ጫማ ካደረጉ ግን የተቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።