ሦስት ሰው፣ አንዲት ትንሽ ቫንና አንድ ጀበና

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር ሞአብና የሎውስቶን ድረስ ልንነዳ አስበናል፤ ሆቴል ሳንይዝ፣ መብራት በሌለበት ጫካ ቫን ውስጥ እያደርን። ዋጋው ደህና የሆነ ያገለገለ ኒሳን ኤንቪ200 ካርጎ አግኝቻለሁ። ከኋላ አልጋ፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ፍሪጅና ለቡና የሚሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባለሁ። ይበቃናል? ወይስ ፎርድ ትራንዚት ኮኔክት ይሻላል? የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ጣሪያው 2.10 ሜትር ነው።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ባትሪው ከማውራታችን በፊት፣ ልጅቷ የት ነው የምትቀመጠው? ያገኘኸው ካርጎ ያለው ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ከኋላው ባዶ ላሜራ ነው። ከሌላ መኪና ወንበር ነቅሎ በብሎን የሚያስር አይጠፋም። እኔ ይህን ሥራ አልቀበልም። ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ግጭት ሲመጣ እንዲችል ሆኖ ከፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ላሜራ በስተህ ያሰርከው ብሎን ተነቅሎ ይሄዳል። ዋጋው ቢያጓጓም ያቺን ቫን ተዋት።

ትራንዚት ኮኔክት በካርጎም በሰው መጫኛም ተሸጧል። ላንተ የሚሆንህ የሰው መጫኛው፣ ያውም ረጅሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ሞዴል በኋላ ስለቆመ የምታገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። ቁመቱ 1.83 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ፓርኪንግህ ይገባል፤ ፖርቶ መጋላ ከጫንክበት ግን በሜትር ለክተህ ግባ። ጣሪያው ከፍ ያለው ትልቁ ትራንዚት ከ2.70 ሜትር ስለሚበልጥ አይሆንህም። ቶዮታ ሲዬና ሃይብሪድስ? ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ ግን ከ2021 ወዲህ የመጣችው የመሃል ወንበሯ ውስጡ ኤርባግ ስላለበት በቤትህ ነቅለህ የምታስቀምጠው አይደለም፤ አልጋውን ያሳጥርብሃል።

ስትገዛ ሻጩ ፊት ወንበሮቹን አጥፈህ ጫማህን አውልቀህ ተኛበት። አታፍር። በኋላ ጎማዎቹ ሽፋን መካከል ያለው ስፋት 1.20 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለሦስት አይበቃም። ለልጅቷ የፊት ወንበሮቹ ላይ ጣውላና ስፖንጅ አጋድም፤ ለአንድ ደንበኛ እንዲህ ሠርቼለት ልጁ ሁለት ክረምት ተኝቶበታል።

ከዚያ የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ ያለውን ቢጫ ተለጣፊ አንብብ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት ይነግርሃል። ሦስታችሁን 180 ኪሎ እንበል፤ 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው፤ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አንዱ ሙሉ ጣውላ ብቻውን 25 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ አልጋውን በ12 ሚሊ ሥራው፣ ከሥሩ ማገር ጨምርበት።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ያሰብከው ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ባለ ኮምፕሬሰር ትንሽ ፍሪጅ በሞቃት ቀን 400 ያህል ይበላል፤ መብራትና ስልክ 100 በለው። ባለ 1,000 ዋት ምድጃ ከቁሌቱ እስከ በረካ 45 ደቂቃ ቢሠራ 750 ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲጨመርበት 850 ይደርሳል። ድምሩ 1,350። አንድ ዙር ቡና ጠጥታችሁ ጨለማ ውስጥ ትቀራላችሁ።

ባትሪው ለፍሪጁና ለመብራቱ በቂ ነው፤ ቡናውን ለጋዝ ስጠው። ጋዝ ስትገዛ ግን የቆርቆሮውን ጽሑፍ አንብብ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ፈሳሽ ሆኖ ይቀርና እሳቱ ይሞትብሃል፤ ተራራ ላይ የሰኔ ንጋትም ቢሆን እዚያ ይደርሳል። ፕሮፔን ውሰድ። ምድጃውንም ከቫኑ ውጭ አድርገው።

ከሰል ቫን ውስጥ በፍጹም! «በሩን ገርበብ አድርጌ ነው» የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ዝናብ ይዞን ማንደጃውን ይዘን ገባን፤ ቶና ሳይቀዳ ራሴን ወጥሮ ያዘኝ፤ ባለቤቴ እየጎተተች አወጣችኝ። ዕጣኑን ትሸተዋለህ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አትሸተውም። ጠቋሚ መሣሪያውን ገዝተህ ትራስህ አጠገብ ስቀለው። በደረቅ ወራት ደግሞ የእሳት እገዳ ሲወጣ ጫካ ውስጥ ከሰል ውጭም ይከለከላል፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል።

ባትሪውን በዋናነት የሚሞላልህ ዲናሞው ነው። በቀጥታ አታገናኘው፤ ሊቲየም ያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞውን ያነደዋል። መሃል ላይ ከዲናሞው ተቀብሎ ባትሪውን በልኩ የሚሞላ፣ ዲሲ-ዲሲ የሚባለው ባለ 30 አምፔር ቻርጀር ይግባ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዳ ባዶው ይሞላል። ሞአብ ላይ 100 ዋት ሶላር ጥሩ ይረዳሃል፤ ጥድ ሥር ካቆምክ ግን ያን ያህል አትጠብቀው። ባትሪውም ከዜሮ በታች ራሱን ከመሞላት የሚያቆም ይሁን፤ በብርድ የተሞላ ሊቲየም ይበላሻል።

ገመዱ ላይ አትቆጥብ። 16 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ተጠቀም፤ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ፣ በሞተሩም ከኋላ ባስገባኸውም ባትሪ በኩል። ባለፈው ዓመት የመጣልኝ አንድ ቫን ላይ ቀዩ ገመድ በላሜራ ጠርዝ እያለፈ ፕላስቲኩ ተፍቆ፣ መዳቡ ተገልጦ ያብረቀርቅ ነበር። ፊውዝ አለው፤ ያለው ግን ፍሪጁ ጋ፣ በገመዱ ጫፍ። መሃል ላይ ቢነካ ማን ያቆመዋል? ገመዱ ላሜራ በስቶ በሚያልፍበት ቦታ ጎማ ቀለበት አልብሰው።

ስለ መንገዱ ደግሞ፦ በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትወጣ አይዘንሃወር ዋሻ 3,401 ሜትር ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ጉልበት ሲሶውን ያህል ያጣል። እንጦጦን በላዳ የወጣ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በቀኝ በኩል ረጋ ብለህ ውጣ። ስትወርድ ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን ላይ አትተኛ። መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ስለሆነ አሸዋ ውስጥ አትግባበት፤ ጠጠር መንገድ ይበቃሃል። በሕዝብ ጫካና መሬት ላይ ነፃ ማደሪያው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ነው።

ቫኑን ስታገኝ የቢጫውን ተለጣፊና የካምቢዮ ዘይት የተቀየረበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ገንዘቡን የምትከፍለው ከዚያ በኋላ ነው።