ኤስ8 ጫጫታ ላይ 4,000 ዶላር ከማውጣትህ በፊት

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። የአማተር ሬዲዮ ጄነራል (መካከለኛ) ፈቃድ አለኝ። ሬዲዮዬ አይኮም 7300 ነው። አንቴናዬ ጣሪያ ሥር አጣጥፌ የዘረጋሁት ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንፍ የሽቦ አንቴና) ነው፤ ውጭ መስቀል አይፈቀድልንም። የአዲስ አበባውን የአማተር ክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ለማግኘት ማታ ማታ እሞክራለሁ፤ ግን ጫጫታው በሬዲዮው የሲግናል መለኪያ (ኤስ ሜትር) 8 ላይ፣ ማለትም ኤስ8 ላይ ቁጭ ብሎ አይወርድም። 4,000 ዶላር ቆጥቤያለሁ። አይኮም 7610፣ ያኤሱ ኤፍቲዲኤክስ 101ዲ ወይስ ኬንዉድ ቲኤስ-890ኤስ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሦስቱም ጥሩ ሬዲዮዎች ናቸው፤ የትኛውንም ብትገዛ አታፍርበትም። ግን ነገ ገዝተህ እዚያው አንቴና ላይ ብትሰካው፣ ሦስቱም ያንኑ ኤስ8 ያሰሙሃል። ጫጫታው በአንቴናው ነው የሚገባው። ይህንን እኔን አምነህ አትቀበል፤ ዛሬ ማታ ራስህ ሞክረው።

7300ህን 7.180 ሜጋኸርዝ ላይ አድርግ። ፕሪአምፑን (የሲግናል ማጉያውን) አጥፋ። በአቅራቢያው ሰው የማያወራበት ፍሪኩዌንሲ ፈልግና ሜትሩን አንብብ። ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ከጀርባው ንቀል። መርፌው ወደ ዜሮ ከወደቀ፣ ሬዲዮህ ካንተ ሰፈር ጫጫታ በታች ብዙ ርቀት ወርዶ መስማት ይችላል ማለት ነው። አንቴና ስትሰካ ጫጫታው በ10 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት ልዩነት መለኪያ) ያህል ከጨመረ ተቀባዩ በቂ ነው፤ ያንተ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የሜትሩ የታችኛው ክፍል ትክክለኛ አይደለም፤ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው ሙከራ ቤትህን ይመለከታል። 12 ቮልት ባትሪ ፈልግና ሬዲዮውን በእሱ አስነሳ። ቤተሰቡን አስጠንቅቅና የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፋ። ጫጫታው ከወረደ ጥፋተኛው እዚያው ቤትህ ውስጥ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ብሬከሮች ሁሉ አጥፍተህ ዋናውን መልስና አንድ በአንድ አብራቸው፤ የትኛው ላይ መርፌው እንደሚዘል ጻፍ። ካልወረደ ምንጩ ጎረቤት ወይም መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን መፍትሔ አለው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ፏፏቴም (ሲግናሎችን እየወረዱ የሚያሳየውን ምስል) በደንብ እየው። ጠርዛቸው የደበዘዘ፣ በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ፣ ቀስ እያሉ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ መስመሮች ካየህ ርካሽ ቻርጀር ወይም ፓወር ሰፕላይ ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ የሶላር ኢንቨርተር፣ የዋይፋይ ሳጥኑ ትንሽ አዳፕተር፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ። ጣሪያ ሥር ያለ አንቴና ደግሞ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ስለሚተኛ ይህን ሁሉ ይለቅማል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 100 ዶላር ፌራይት (ጫጫታ የሚያፍን መግነጢሳዊ ቀለበት) ላይ አውጣ። ዓይነት 31 የሚባለውን ትልቁን ቀለበት ግዛ፣ ስፋቱ 2.4 ኢንች ገደማ ነው። ቀጭን ኮአክስ (የአንቴና ገመድ) ከ12 እስከ 14 ዙር አዙርበት። አንዱን ዳይፖሉ መሃል፣ ሌላውን ገመዱ ሬዲዮው ጋ ከመድረሱ በፊት አድርገው። ይህ ቾክ በኮአክሱ ውጫዊ ገጽ ላይ እየተሳበ የሚመጣውን ጫጫታ ያንቀዋል። ጫጫታ የሚያወጡትን አዳፕተሮች ደግሞ ቀይር፤ የማይቀየረውን ሽቦውን ፌራይት ላይ አዙርለት።

በዚህ ሁሉ ከኤስ8 ወደ ኤስ4 ብትወርድ፣ አንዱ ኤስ 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ 24 ዴሲቤል አገኘህ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ጉልበቱን ከ100 ዋት ወደ 25,000 ዋት ቢያሳድግልህ የምታገኘው ልዩነት ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ የሚሰጥህ ሬዲዮ ገበያ ላይ የለም።

ሌላ ሳልነግርህ የማላልፈው ነገር አለ። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ክፍፍል በክልል 1 (አውሮፓና አፍሪካ ያሉበት) ስለሆነች የአማተሩ ባንድ በ40 ሜትር 7.200 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ብሮድካስት ነው። አንተ ደግሞ በጄነራል ፈቃድ በድምፅ መናገር የሚፈቀድልህ ከ7.175 ጀምሮ ነው። በጋራ የምታወሩበት 25 ኪሎኸርዝ ብቻ ናት! ኤክስትራ የሚባለውን ከፍተኛውን ፈቃድ ብትይዝ ከ7.125 ጀምሮ ይከፈትልሃል፤ በ20 ሜትርም ከ14.225 ወደ 14.150 ትወርዳለህ። ፈተናው 50 ጥያቄ ነው፣ 37ቱን መመለስ ይበቃል። ሬዲዮ ከመቀየርህ በፊት እሱን ብታጠና ደስ ይለኛል። የምትሞክርበትን ሰዓትም አስተካክል፦ ለ40 ሜትር አዲስ አበባ ሊነጋጋ ሲል ጥሩ ነው፤ እናንተ ዘንድ ያኔ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፤ ጫጫታውን ካወረድክ በኋላ የተሻለ ሬዲዮ መፈለግህ አያስወቅስም።

ሰዎች የሚከራከሩበት ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሮብ ሸርዉድ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ነው። ሰውዬው ተቀባዮችን በራሱ ላቦራቶሪ ለክቶ፣ 2 ኪሎኸርዝ ብቻ ርቆ ጠንካራ ሲግናል ሲመጣ እንዴት እንደሚቋቋሙት ያሰፍራል። እዚያ 101ዲ ወደ 110 ዴሲቤል፣ 890ኤስ ወደ 105፣ 7610 ወደ 98 ናቸው። ይህን አይቶ «7610 ተሸነፈ» የሚል ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ከ90 በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ልዩነቱ የሚሰማህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በትልቅ ማጉያ የሚሠራ አማተር ካለ፣ ወይም በውድድር ቅዳሜና እሁድ ባንዱ ሲጨናነቅ ነው። እንደዚያ ከሆነ 101ዲን ውሰድ። ከመጀመሪያው 9 ሜጋኸርዝ ላይ ጠባብ የክሪስታል ማጣሪያ ስላለው ጠንካራው ጎረቤት ወደ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ላንተ ይበልጥ የሚጠቅምህ ሁለት ተቀባይ መኖሩ ነው። ኢቲ3ኤኤ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የክለብ ጣቢያ፣ አየር ላይ ሲወጣ ብዙ ሕዝብ ነው የሚጠራው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲጨናነቅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተናግሮ «5 ከፍ በሉ» ይላል፤ ማለትም 5 ኪሎኸርዝ ከፍ ብላችሁ ጥሩኝ ማለቱ ነው። በ7610 እና በ101ዲ በአንዱ ጆሮህ እሱን፣ በሌላው የሚጠሩትን ትሰማለህ። ማንን እንደመለሰ፣ የት ላይ እንደሰማው ታውቃለህ፤ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድም ትገምታለህ። ባለ 100 ዋት ሰው ሰልፉን ጥሶ የሚገባው በዚህ ነው። 890ኤስ ተቀባዩ አንድ ብቻ ነው። ድምፁ በጣም ደስ ይላል፣ ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ አያደክምም፤ ግን ላንተ ዓላማ በዚህ ምክንያት ከሁለቱ በኋላ አደርገዋለሁ።

ሌላው ጥቅም የመቀበያ ብቻ አንቴና መሰኪያ ነው። 7300 ላይ የለም፣ መሃል የሚገባ ማቀያየሪያ ሳጥን ይጠይቃል። ሦስቱ ላይ አለ። በረንዳ ላይ ትንሽ ሉፕ አንቴና አቁመህ ጫጫታው እስኪጠፋ ብታዞረው፣ በእሱ ሰምተህ በጣሪያው ዳይፖል መናገር ትችላለህ። ጫጫታው ከጎረቤት የሚመጣ ከሆነ መፍትሔ ያልኩህ ይኸው ነው።

ያኤሱ 200 ዋት የሚሰጥ 101ኤምፒ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው። አትግዛው። ከ100 ወደ 200 ዋት 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ግማሽ ኤስ ነው። በዚያ ላይ አንቴናህ ከመኝታ ክፍል በላይ ነው፤ በ100 ዋትም ቢሆን የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ የሚጠይቀውን የጨረር ስሌት ሠርተህ አስቀምጥ።

እንግዲህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን 7610ን እገዛለሁ። ሜኑው ከ7300 ጋር ስለሚቀራረብ እጅህ አይጠፋም፣ ሁለቱ ተቀባዮች እኩል ናቸው። 101ዲ ማዞሪያው ደስ ይላል፣ ሜኑውን ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከተቻለ ሁለቱንም ሱቅ ሄደህ ነካካቸው፤ በየቀኑ የምትነካው ማጣሪያ ማጥበቢያና የጫጫታ መቀነሻ ቁልፍ በቀላሉ እጅህ ይገባ እንደሆነ እይ።

ፓወር ሰፕላይህንም አትርሳው። 100 ዋት ስትለቅ ከ7610 ጋር እስከ 23 አምፔር ስለሚሄድ፣ 13.8 ቮልት ላይ ያለማቋረጥ 25 አምፔር የሚሰጥ ያስፈልግሃል። ስዊቺንግ ዓይነት ካለህ በባትሪው ሙከራ ጊዜ እሱንም ለይተህ ፈትነው፤ ኤስ8ን የሚፈጥረው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።